የባትሪ ውሃ

ሬሳውን ያገኙት ድንጋይ ፈላጮች ናቸው። ሱሉልታ ዳር ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት ያለፈው የድንጋይ ካባ አለ። ኅዳር አስራ አንድ ቀን፣ ረቡዕ ማለዳ፣ ሁለት ሰዎች የተረፈ ጥርብ ድንጋይ ቢገኝ ብለው ወደ ጉድጓዱ ሲወርዱ ከደረቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ክምር ሥር ቡናማ ጫማ አዩ። አንደኛው ሊያነሳው ሳበው። ጫማው ባዶ አልነበረም።

ኢንስፔክተር ዱርሲቱ ስትደርስ ረፋድ ሆኗል። የጣቢያው መኪና ነዳጅ ሰልፍ ላይ ስለነበረ ቡራዩ ካለው ቤቷ ሱሉልታ ለመድረስ ሦስት ታክሲ ቀያይራለች። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በአንድ አስተዳደር ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ ለምርመራ ክፍሉ የተጨመረለት ነገር ቢኖር መንገድ ብቻ ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቀኝ ጉልበቷ ቁልቁለት አይወድም። ወደ ካባው ስትወርድ ሳጅን ጃዕፈር ክንዷን ደገፍ አደረጋት። ድሮ ቢሆን እጁን ትመልስለት ነበር።

“አንድ ወር ግድም ይሆነዋል” አለ ጃዕፈር። “ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰብሯል። ከላይ ከአፋፉ ነው የወደቀው።”

“በራሱ ወድቆ ቢሆንስ?”

ጃዕፈር ወደ ቅርንጫፎቹ ጠቆመ። ጫፋቸው በስለት የተቆረጠ ነው። “በራሱ ከወደቀ ማን አለበሰው?”

መታወቂያው ፍቅረሥላሴ ይላል፤ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ የእርሻ ባለሙያ። የኪስ ቦርሳው አልተነካም። ስልኩ የለም። ከኮቱ የውስጥ ኪስ የቆዳ ማኅደር ወጣ፤ ውስጡ እንደ አውራ ጣት የወፈሩ ሁለት ሲጋሮች ጎን ለጎን ተኝተዋል።

ዘራፊ አይደለም ማለት ነው። ዱርሲቱ ተነፈሰች። ዘራፊ ቢሆን ሥራው ባጠረ። ይሄ ግን የሟቹን ቤት፣ ዘመድና ወዳጅ ሁሉ በር እያንኳኩ መዞር ያለበት ጉዳይ ነው። ማኅደሩን ከሌላው ዕቃ ጋር አሽጋ ወደ ምርመራ እንዲላክ አዘዘችና፣ ከዚያ በኋላ ለአስር ቀን ያህል ረሳችው።

ቤቱ ከካባው የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። በሩን የከፈተችው አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች ሴት ናት። ፖሊስ ስታይ አልደነገጠችም።

“ጋሼ የሉም። ወደ ባሌ ሄደዋል” አለች። “ተስፋነሽ እባላለሁ። ቤቱን የማጸዳላቸው እኔ ነኝ፤ ማክሰኞና ዓርብ ነው የምመጣው። ዛሬ ለሳጥኑ ብዬ ነው።”

“ባሌ መሄዳቸውን በምን አወቅሽ?”

ስልኳን አወጣች። መልእክቱ ጥቅምት አስራ አንድ ቀን፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የተላከ ነው። “ተስፋነሽ፣ ለስንዴ ጥናት ባሌ ሄጃለሁ። እስክመለስ ቤቱን አደራ።”

“ስደውልላቸው ዝግ ነው የሚለው” አለች ተስፋነሽ። “ገጠር ገብተው ይሆናል ብዬ ተውኩት።”

ዱርሲቱ መርዶን አታዘገይም ነበር። ሲዘገይ እንደሚከፋ ሃያ ስድስት ዓመት አይታዋለች። የዚያን ቀን ግን አስር ደቂቃ እንድትቆይላት ፈለገች።

“የምን ሳጥን ነው?” አለች።

ሳጥኑ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከመስኮቱ ርቆ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ተስፋነሽ መጀመሪያ እጇን ታጠበች፤ በሳሙና ሳይሆን በውሃ ብቻ። ክዳኑን ስታነሳ የእንጨትና የማር ዓይነት ሽታ ወጣ። አርባ የሚሆኑ ሲጋሮች በስስ እንጨት ንጣፍ ተለያይተው ሁለት ረድፍ ሆነው ተደርድረዋል። ጥግ ላይ ትንሽ ሰፍነግ፣ ከክዳኑ ውስጥ ደግሞ እንደ ሰዓት ክብ የሆነ የእርጥበት መለኪያ አለ።

“መርፌው ከስልሳ አምስት በታች ሲወርድ ሰፍነጉን አረጥባለሁ። ከሰባ ሲያልፍ ክዳኑን ጥቂት ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ” አለች ተስፋነሽ። “በየሳምንቱ የታችኛውን ወደ ላይ፣ የላይኛውን ወደ ታች አገላብጣለሁ። ሽንኩርት የነካ እጅ አይነካውም፤ ሽታ ይጠጣል። አንዴ ፍሪጅ ውስጥ ልክተተው ብላቸው ሳቁብኝ። ፍሪጅ ያደርቀዋል አሉኝ።”

“ይሄን ሁሉ ያጨሱታል?”

“ኧረ የት! ለሰው ይሰጣሉ እንጂ። ድሮ ኩባ ከተማሩበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ ይላክላቸዋል። የሚወዱት መጠበቁን ነው።” አንዱን ሲጋር አነሳች። ቅጠሉ ላይ እንደ ዱቄት የነጣ ነገር ተበትኗል። ፊቷ ተቀየረ። “ይቺ ነገር አስጨንቃኛለች። ሻጋታ ነው። የሱሉልታ ውርጭ እንዳያደርቀው ብዬ የቧንቧ ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ነው የተጠቀምኩት። እሳቸው የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ ሌላ አያስነኩም ነበር። የቧንቧ ውሃ ይሻግታል ይላሉ። ሲመጡ ምን እላቸዋለሁ?”

ዱርሲቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“ተስፋነሽ፣ ሲጋሩን አስቀምጪውና እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ።”

ሴትየዋ ነገሩ ገባት። ቢሆንም ሲጋሩን ወደ ቦታው መለሰች፣ ክዳኑን በሁለት እጇ ከደነች፤ ከዚያ በኋላ ነው መጥታ አጠገቧ የተቀመጠችው።

ውጭ ጃዕፈር “ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት” አለ።

“ገዳይ ለሟች ሻጋታ አይጨነቅም” አለች ዱርሲቱ።

ሐሙስ ቡራዩ። ኦቦ ጉታ የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ጋራዥ አለው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ረጅም፣ ፀጉሩ የነጣ ሰው ነው።

“አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጉታ” ስትል ዱርሲቱ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠችው።

“ፋያ... ፋያ ዳ” አለና ወደ አማርኛ ዞረ። ቡራዩ ተወልዶ ኦሮምኛው እንደ እንግዳ ሰው ይሰባበራል። እሱም የታዘበችውን አወቀባት። “አስራ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ነው ኩባ የወሰዱን። አባቶቻችን ጦር ሜዳ የቀሩብን ልጆች ነበርን፤ እኔም እሱም። ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ ስመለስ እናቴን በአስተርጓሚ ነበር ያነጋገርኳት። የጠፋ ቋንቋ ደግሞ ተመልሶ ሙሉ አይሆንም።”

ሞቱን ሰምቷል። ሲናገር ድምፁ አልተረበሸም፤ ጨርቁን ግን ከእጁ አላወረደም። ፍቅረሥላሴን መጨረሻ ያየው በመስከረም መጨረሻ ነው። ከጥቅምት አስር እስከ አስራ አራት ሰበታ ነበር፤ የጭነት መኪና ሞተር አውርዶ ሲሠራ ሰንብቷል። የመኪናው ባለቤትና ሁለት ረዳቶች ይመሰክራሉ። ባሌ ሄጃለሁ የሚለው መልእክት ለእሱም ደርሶታል።

“ቤታቸው ይሄዱ ነበር?”

“በየወሩ መጨረሻ። የባትሪ ውሃ አደርስለት ነበር፣ ለሲጋሮቹ።” ወደ መደርደሪያው ጠቆመ፤ ነጫጭ ጄሪካኖች ተደርድረዋል። “አስራ አንድ ዓመት፣ አንድ ወር ሳላጓድል።”

ዱርሲቱ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ምሽቱን ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ዓርብ ዕለት ከቴሌ የተጠየቀው መረጃ መጣ። የጥቅምት አስራ አንዱ መልእክት የተላከው ከሰበታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አልተከፈተም። ሰበታ የሟቹ እህት ወይዘሮ ሙሉዬ ይኖራሉ።

እትዬ ሙሉዬ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። “እሱን ወሰዱት፣ እኔን ትልቅ ናት ብለው ተዉኝ” አሉ። “ሲመለስ ሌላ ሰው ነበር። ማታ ማታ ከዚያ ከጉታ ጋር በማይገባኝ ቋንቋ ይስቃሉ። እኔ ስገባ ዝም።”

ልጃቸው አቤኒ ከጓዳ ሆኖ ይሰማል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ክር ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ከአጎቱ ጋር በነሐሴ ተጣልቷል፤ ጎረቤት ሁሉ የሰማው ጠብ ነው። ሚስት ላገባ ነውና ከቤትህ ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ልቀቅልኝ ብሎ፣ አጎትየው እንቢ ብሎታል።

“ገደል ግባ ብለኸዋል” አለ ጃዕፈር።

“ብያለሁ” አለ አቤኒ። “ሰው ሲናደድ የማይለው ነገር አለ? ገደሉን መች አውቄው።”

ሰበታ የተከፈተ ስልክ፣ ጠብ፣ ገደል። አለቆቿ ደስ አላቸው፤ አቤኒ ታሰረ። ዱርሲቱ ደስ አላላትም፤ በማስረጃው ላይ ለመከራከር የሚሆን አቅም ግን አልነበራትም። ፋብሪካው የሠራተኞች መግቢያ መዝገብ ለመስጠት ሦስት ቀን ፈጀ። ሲመጣ ጥቅምት አስራ አንድ ቀን አቤኒ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማሽኑ ላይ ነበር፤ በጣት አሻራው ገብቶ በጣት አሻራው ወጥቷል። እዚያ ክፍል ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

ሲፈታ እናቱ ጣቢያው በር ላይ ጠበቁት። ዱርሲቱን አይተው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። “በአንድ ሳምንት ወንድሜን ቀበርኩ፣ ልጄን አሰራችሁ” አሏት ብቻ።

ቅዳሜ ጠዋት ተስፋነሽ ደወለች። “እትዬ ዱርሲቱ፣ ከሳጥኑ ወረቀት ተገኝቷል።”

ሻጋታውን በደረቅ ጨርቅ ልትጠርግ ሲጋሮቹን አንድ በአንድ አውጥታ ፎጣ ላይ ደርድራለች። የታችኛውን የእንጨት ንጣፍ ብታነሳው ከሥሩ በአራት የታጠፈ ስስ ወረቀት ተኝቶ ነበር። በላቲን ፊደል፣ በሴት የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። መሃሉ ላይ አንዲት ቃል በእርሳስ ተሰምሮባታል፤ መስመሩ ወረቀቱን ሊቀደው ደርሷል።

“እሳቸው አይተውታል ማለት ነው” አለች ዱርሲቱ።

“ሳያዩት አይቀሩም። መጨረሻ ያየኋቸው ጥቅምት ስምንት ነው፣ ዓርብ። የዚያን ዕለት፣ በመስከረም መጨረሻ የተላከላቸውን ሲጋር ሲያስገቡ በሩን ዘግተው ብቻቸውን ቆዩ። ምሳ አቅርቤ አልበሉም። ጥርሴን አሞኛል አሉኝ።” ተስፋነሽ አሰብ አደረገች። “በማግስቱ ደግሞ የሁለቱ ቀን ነበር።”

“የሁለቱ ቀን?”

“ጥቅምት ዘጠኝ። ከኩባ የተመለሱበት ቀን ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የዚያን ቀን ብቻ ያጨሳሉ። ሁለት ሲጋር ኪሳቸው ይከታሉ፤ ከኦቦ ጉታ ጋር ካባው አፋፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሜዳውን እያዩ።”

ዱርሲቱ በሟቹ ኪስ የተገኙት ሁለቱ ሲጋሮች ትዝ አሏት። ማኅደሩን ለዚህች ሴት በመጀመሪያው ቀን ማሳየት ነበረባት። አንድ ጥያቄ ነበር። ያቺን አንድ ጥያቄ ስለዘለለች አቤኒ ሦስት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አድሯል። ሰውየው የሞተው ጥቅምት አስራ አንድ ሳይሆን ዘጠኝ ነው፤ ባሌ ሄጃለሁ ብሎ ከሰበታ የላከውም ሌላ ሰው ነው።

“ተስፋነሽ፣ የባትሪ ውሃው ለምን አለቀብሽ?”

“የጥቅምቱ አልመጣም። ጋሼ ስለሌሉ ይሆናል ብዬ ነው።”

“ከዚህ በፊት እሳቸው ሳይኖሩ ይቀር ነበር?”

“የለም። የዛሬ ሦስት ዓመት ጀርባቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ሁለት ወር ሆስፒታል ሲተኙ እንኳ አልቀረም። ኦቦ ጉታ እዚሁ በር ላይ በእጄ ይሰጡኝ ነበር።”

አንድ ወር ሳላጓድል። ዱርሲቱ ማስታወሻዋን አወጣችና አረፍተ ነገሩን በራሷ እጅ ተጽፎ አገኘችው።

ሰኞ ወደ ጉታ ጋራዥ ስትሄድ ሁለት ወረቀት ይዛ ነበር። አንደኛው ደብዳቤው ነው። ሁለተኛው ኩባ ተምራ አዲስ አበባ የምትሠራ ዶክተር የሺወርቅ የተባለች ሐኪም የጻፈችላት ትርጉም፤ እሱ ከካፖርቷ ኪስ አልወጣም። ጃዕፈርና ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቀሩ። ጉታ በጋራዡ ቢሮ፣ በብሎን ሣጥኖች መካከል ተቀምጧል።

“አንድ ወረቀት ተገኝቶ ነበር፣ ኦቦ ጉታ። ቋንቋውን እርስዎ ያውቁታል። ያንብቡልኝ።”

መነጽሩን አደረገ። የመጀመሪያውን መስመር ሲያይ ትከሻው ወረደ። ከዚያ በቀስታ፣ ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብ ጀመር።

“‘አባቴ ፍቅረሥላሴ። እናቴ ማርሌኒ በመጋቢት አረፈች። ሃያ ስድስት ደብዳቤ ጽፋልሃለች፣ እኔ ደግሞ አራት። አንዱም መልስ አላገኘም። ሲጋሮቹ ግን በየዓመቱ እንደሚደርሱህ ጓደኛህ ይጽፍልናል። ትዳር እንደያዝክ፣ መጻፍ እንደማትፈልግም ይነግረናል። እናቴ አመነችው። እኔ አላመንኩትም። ስለዚህ ይቺን ከእንጨቱ ሥር አድርጌያታለሁ። ሲጋር በወጉ የሚጠብቅ ሰው አንድ ቀን ንጣፉን ማንሳቱ አይቀርም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ስልኬ ከታች አለ። ልጅህ ኢሳቤል።’”

መነጽሩን አወለቀ። የተሰመረባት ቃል “ጓደኛህ” የምትለዋ ናት።

ዱርሲቱ ትርጉሙን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጉታ ሲያነብ አንድ ቃል አልቀየረም።

“ሌላ ነገር ብለው ሊያነቡልኝ ይችሉ ነበር” አለችው። “ትርጉም መያዜን አያውቁም ነበር።”

“ሌሎቹን አቃጥያቸዋለሁ” አለ ጉታ። “ይቺ እንኳ እንዳለች ትድረስ ብዬ ነው።”

ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። እንደተመለሱ ፍቅረሥላሴ ሩቅ አገር የመንግሥት እርሻ ላይ ተመደበ፤ ቋሚ አድራሻ የነበረው ጉታ ስለሆነ ደብዳቤው ሁሉ በእሱ ፖስታ ሳጥን ይመጣ ነበር። የመጀመሪያው ደብዳቤ ልጅ ተወልዳለች፣ ተመለስ የሚል ነው።

“እሱ ሄዶ ቢሆን እኔ ማን ነበረኝ?” አለ ጉታ። “እናቴ አትሰማኝም፣ ሰፈሩ ይስቅብኛል። ያለ አስተርጓሚ የማወራው ከእሱ ጋር ብቻ ነበር። ለአንድ ሳምንት ላቆየው ብዬ ነው የደበቅኩት። ሳምንቱ ወር ሆነ። ከዚያ እንዴት ተብሎ ይሰጣል? ሲጋሮቹን ከትምህርት ቤቱ ናቸው እያልኩ ሰጠሁት። ውሃውን ማመላለስ የጀመርኩት... እንጃ፣ የሆነ ነገር ላድርግለት ብዬ ይሆናል።”

“ጥቅምት ዘጠኝስ?”

“እንደ ሁልጊዜው ሁለት ሲጋር ይዞ መጣ። አልለኮስናቸውም። ‘ስንት ነበሩ?’ አለኝ። አቃጠልኳቸው አልኩት። አልተቆጣም፤ ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። ተነስቶ ሊሄድ ሲል ክንዱን ያዝኩት፤ ልቀቀኝ ብሎ ሲገፋኝ እኔም ገፋሁት።”

“ከዚያስ?”

“ወረድኩ። ይተነፍስ ነበር።”

“ስልክ ይዘዋል።”

“የእኔም የእሱም እጄ ላይ ነበር።”

“ምን ያህል ጊዜ ተነፈሰ?”

ጉታ መሬት መሬት አየ። “ፀሐይ እስክትጠልቅ” አለ።

ውጭ አንድ መካኒክ ብረት መደብደብ ጀምሮ ነበር፤ ጃዕፈር አስቆመው። ዱርሲቱ በሙያዋ ብዙ ክፉ ነገር ሰምታለች። የሚያደክማት ክፋቱ አይደለም። እንዲህ ያለው፣ ከጥላቻ ሳይመጣ ሰው የሚገድለው ነገር ነው።

“ውሃውን አድርሰው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ የሌላ ሰው በር እያንኳኳሁ እዞር ነበር” አለችው።

“ጄሪካኑን መኪና ላይ ጭኜ በራቸው ድረስ ሄጄ ነበር” አለ ጉታ። “ተስፋነሽ ከፍታ ጋሼ መቼ ይመጣሉ ብትለኝስ ብዬ ተመለስኩ።”

ለካቴናው እጁን ራሱ ነው የዘረጋው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዱርሲቱ የዶክተር የሺወርቅ ቢሮ ውስጥ ተቀመጠች። ይህን ለሌላ ሰው መተው ትችል ነበር፤ የምርመራ መዝገቡ ተዘግቷል። ዶክተሯ ከደብዳቤው ግርጌ ያለውን ቁጥር ደወለች፤ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ፣ በአራተኛው ጠራ። የሴት ድምፅ፣ ከኋላዋም የሕፃን ድምፅ ተሰማ።

ዶክተሯ ረጅም ተናገረች። ዱርሲቱ ከቃላቱ አንዱንም አታውቅም፤ መርዶው የተነገረበትን ቦታ ግን ከዝምታው ለየችው። ከዚያ ወዲያ ማዶ አንድ አጭር ጥያቄ መጣ።

“ደብዳቤዬ ደርሶት ነበር ወይ ትላለች” አለች ዶክተሯ።

“ደርሶታል፣ በያት። አንብቦታል።”

ተተረጎመ። ሌላ ጥያቄ መጣ፣ ከፊተኛው የቀጠነ። ዶክተር የሺወርቅ ለመተርጎም ዘገየች።

“ታዲያ ለምን አልደወለልኝም ትላለች።”

ዱርሲቱ ቀኖቹን በልቧ አስተካከለች። ዓርብ አነበበው። ቅዳሜ መጀመሪያ ጓደኛውን ሊጠይቅ ሄደ።

“ቀርቶት የነበረው አንድ ቀን ብቻ ነው” አለች። “እንደሱ በያት። ያነበበው ዓርብ ነው፤ ከዚያ አንድ ቀን ነው የኖረው።”

ዶክተሯ ተናገረች። ማዶ ያለችው ሴት ስልኩን አልዘጋችም። ለቅሶዋ በመስመሩ ሽውታ መካከል እየራቀ እየቀረበ ይመጣል። ዶክተሯ በዓይኗ “ልዝጋው?” አለቻት። ዱርሲቱ አትዝጊው ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ወንበሯን ወደ ስልኩ ጠጋ አደረገችና ጉልበቷን በእጇ ይዛ፣ ልጅቷ በቃኝ እስክትል ድረስ ተቀመጠች።